ሽማግሌዎቹ በተንጠልጣይ ወንበር ላይ

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ቅዳሜ ከጠዋቱ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ስል እዚህ አትላንታ በሚቆጠረው ነው፤ ገና አልነጋም። የመኝታ ቤቴ በር ተንኳኳ። አባዬ በር የሚያንኳኳው በአንድ ጣት፣ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው አድርጎ ስለሆነ እሱ መሆኑን ወዲያው አወቅኩ።

«ልጄ፣ ተነስተሻል?»

«ተነስቻለሁ» አልኩ፣ ተኝቼ።

«እንግዲያው ደራርበሽ ልበሺ። በረዶ እንሄዳለን።»

ከዚህ በፊት ለማታውቁኝ አንድ ነገር ላስረዳ። እኔ ዓይነ አፋር ነኝ። ምግብ ቤት ገብቼ ያላዘዝኩት ምግብ ሲመጣልኝ አመስግኜ እበላለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ አስተማሪ በሌላ ልጅ ስም ይጠራኝ ነበር፤ ማረም አፍሬ አንድ ሙሉ ሴሚስተር በዚያ ስም «አቤት» አልኩ። ባለስሟ ልጅ ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበረች። አሁን ዲኬተር አንድ ቢሮ ውስጥ የኢንሹራንስ ቅጾች ላይ ስህተት እፈልጋለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ቅጽ አያናግርም።

እና ያን ዕለት ጠዋት ለአባዬ «ዛሬ እኮ ሽማግሌዎች የሚመጡበት ቀን ነው» ማለት ሲገባኝ፣ ተነስቼ ሁለት ካልሲ ደራርቤ አደረግኩ።

ሽማግሌዎቹን የላከው ዮናስ ነው። ዮናስ ማለት… እንዴት ልበላችሁ፣ ዮናስ ነው። እናቴ ታውቀዋለች። አባዬ በስም ያውቀዋል። ሽማግሌዎቹ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አትላንታ ጫፍ ሊቶኒያ ያለው ቤታችን መጥተው ተመልሰዋል። መጀመሪያ አባዬ «ከቤተሰብ ልምከር» አላቸው። ይኼ የወግ ነው፣ ማንም አልተቀየመም። በሁለተኛው «አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድሜ ሳይሰማ አይሆንም» አለ። ታላቅ ወንድሙ በስልክ ሲነገረው «ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?» ብሎ መረቀ። ሦስተኛው ቀጠሮ ያቺ ቅዳሜ ነበረች፣ በእኛ አራት ሰዓት፣ በአሜሪካ አስር ሰዓት ላይ።

ከዚያች ቅዳሜ ወዲያ ደግሞ ጊዜ አልነበረንም። የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ወርቁ ሰኞ አዲስ አበባ ይበርራል፤ የሚመለሰው ከፋሲካ በኋላ ነው። ዮናስን ደግሞ መሥሪያ ቤቱ በስድስት ሳምንት ውስጥ ወደ ቺካጎ ያዛውረዋል። ቅዳሜ መልስ ካልተገኘ ዮናስ ብቻውን ይሄዳል ማለት ነው፤ እኔም ዲኬተር ከቅጾቼ ጋር እቀራለሁ።

ሳሎን ስወጣ እናቴ በነጠላዋ ተጠቅልላ በሩን ዘግታ ቆማለች።

«አሰፋ፣ ዛሬ ሰዎች ይመጣሉ።»

«የሚመጡት የሚቀጥለው ቅዳሜ አይደለም እንዴ?» አለ አባዬ፣ የጫማውን ክር እያየ።

«ዛሬ ነው! አንተው ነህ የቀጠርካቸው!»

«ምን ላድርግ፣ ድርጅቱ ሠራተኛውን ከነቤተሰቡ ጋብዟል። ሁለት ቲኬት ተቆርጦልኛል። ይቃጠላል።»

አባዬ ዱሉዝ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ በመጋዘኑ ግብዣ ላይ ተገኝቶ አያውቅም። ስጋ ጥብስ አለ ሲሉት ያተኩሰኛል ይላል፣ ቤዝቦል ሲሉት ጾም ነው ይላል። አሁን በየካቲት ብርድ፣ ሦስት ሰዓት መንገድ፣ ኖርዝ ካሮላይና ተራራ ላይ በበረዶ ሊንሸራተት ቸኮለ። እናቴ አንድ ጊዜ አየችውና ወደኔ ዞረች።

«በይ አብረሽው ሂጂ። ስልክሽን ያዢ። እንዳይጠፋብን።»

እኔ ጠንቃቃ ሰው ስለሆንኩ ካርታ ነበረኝ። አባዬ የግብዣውን ወረቀት ማክሰኞ ፍሪጅ ላይ ለጥፎት ስላየሁ፣ ለማንኛውም ብዬ የቦታውን ካርታ ከኢንተርኔት ላይ በቢሮ ፕሪንተር በቀለም አትሜ፣ ፕላስቲክ አልብሼ አስቀምጬ ነበር። የመኪና ማቆሚያዎቹን፣ ሰው የሚያመላልሱትን ነጻ አውቶቡሶች፣ መጸዳጃ ቤቶቹን ሁሉ በቢጫ ቀለም አስምሬባቸዋለሁ። ሰው ለምን ወደማይፈልግበት ቦታ ካርታ ያስምራል አትበሉኝ። ጠንቃቃ ነኝ አልኳችሁ እኮ።

ድርጅቱ ባዘጋጀው አውቶቡስ ተራራው ጋ ስንደርስ የመጀመሪያው ፈተና ጫማ ነበር። የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ከውጭ ሲያዩት ጫማ ይመስላል እንጂ ውስጡ ሲገቡ የተጠረቀመ ሳጥን ነው። አባዬን ያሳሰበው ግን የራሱን ጫማ ተቀብለው መደርደሪያ ላይ ማስቀመጣቸው ነው። «ይመልሱታል ወይ?» አለኝ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ሱሪው ካልሲ ውስጥ ገብቶ፣ በሱፍ ኮቱ ላይ ከድርጅቱ የተሰጠውን ብርቱካናማ ጃኬት ደርቦ፣ እግሩን አንድ በአንድ እያነሳ ሲወጣ፣ ጨረቃ ላይ የወረደ የቀበሌ ሊቀመንበር መሰለኝ።

አባዬ ይፈራል ብዬ ነበር። አልፈራም። እንዲያውም ለጀማሪዎች በተዘጋጀችው ትንሽ ዳገት ሥር ሰው ቆሞባት ወደላይ የምትጎትት ጎማ ምንጣፍ ሲያይ ፊቱ በራ።

«ይቺ እኮ እኛ ጋ አለች! ካርቶን የምንጭንባት!»

ወዲያው እጁን ከጎኑ አጣብቆ፣ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ካርቶን ቆመባት። ላይ ሲደርስ በቂጡ ተንሸራትቶ ይወርዳል፤ እንደገና እንደ ካርቶን ይወጣል። በስድስተኛው ዙር ይስቅ ነበር። አባዬ ጥርሱ እስኪታይ ሲስቅ ከመቼ ወዲህ እንዳላየሁት ትዝ አላለኝም። ስልኬ ባይጮህ ኖሮ ቀኑን ሙሉ እያየሁት መዋል እችል ነበር።

የደወለው ዮናስ ነው። እዚያ ተራራ ላይ ስልክ ሳይቆራረጥ የሚያናግረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ያለች አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እሱም ከተቆመባት። ወጥቼ ቆምኩባት።

«ቤቢ፣ የት ነሽ? ሽማግሌዎቹ እኮ ቤታችሁ ሄደው ነበር። እማማ አድሬሱን ሰጠቻቸው። ላይክ፣ ድራይቭ እያደረጉ ነው!»

«ወዴት?»

«ወደ እናንተ ነዋ! በጋሽ ወርቁ ታክሲ። አልሞስት ደርሰዋል። አንቺ ደግሞ ጋይድ አድርጊያቸው፣ ኦኬ? ካርታ አለሽ አይደል?»

በወጉ ከሄድን ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ አትታይም። ጓዳ ትገባለች፣ መኝታ ቤት ትገባለች፣ ምንም እንደማታውቅ ሆና ትቀመጣለች። ለዚህ ሥራ ከኔ የተሻለ ሰው አትላንታ ውስጥ የለም። ሁለቱንም ጊዜ እናቴ ራሷ እቤት መኖሬን እስክትረሳ ድረስ መኝታ ቤቴ ውስጥ ተደብቄ ነበር። አሁን ግን እኔን ሊጠይቁ የመጡትን ሽማግሌዎች መንገድ የምመራቸው እኔው ራሴ ልሆን ነው።

ከአስር ደቂቃ በኋላ ጋሽ ወርቁ ደወለ።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ? እኛ እንኳ እንዲያው… አየር ልንቀበል ብለን ወጣ ብለን ነበር። በአጋጣሚ እዚህ ተራራ ጋ ደረስን።»

«እንኳን ደህና መጡ ጋሽ ወርቁ» አልኩ፣ በአጋጣሚ መምጣታቸው እንዳስደሰተኝ ሆኜ።

«አባትሽ በአጋጣሚ እዚያ አሉ?»

«በአጋጣሚ አሉ።»

ካርታዬን ዘርግቼ «ሰማያዊውን አውቶቡስ ይያዙ» አልኳቸው፣ በሹክሹክታ። እዚህ ላይ መናዘዝ አለብኝ። ሰማያዊው ቀለም ካርታው ላይ የዳገቱን አስቸጋሪነት የሚያሳይ ነው፤ የአውቶቡሶቹ ቀለም በሌላ ሣጥን ተጽፏል፣ እኔም በቢጫ አስምሬበታለሁ፣ ግን አላየሁትም። የሰው ቅጽ ላይ ነጥብ የማታመልጠኝ ሰው ሦስት አዛውንት ከተራራው ጀርባ፣ የጎልፍ ሜዳና የእንጨት ቤቶች ወዳሉበት ላክኳቸው። ጋሽ ወርቁ መልሶ ሲደውል ድምፁ ተለውጧል።

«ልጄ፣ እዚህ ሰው የለም። አንድ አጋዘን አለች። መምህር ታደሰ እያናገሯት ነው።»

ሃያ ዓመት አትላንታን በታክሲ የዞረ ሰው ነው። በሕይወቱ መንገድ የጠፋው ያን ቀን ብቻ፣ ያውም በእኔ ነው። አረንጓዴውን እንዲይዙ ነገርኳቸውና አግዳሚዋ ላይ ቆሜ መጠበቅ ጀመርኩ።

አረንጓዴው አውቶቡስ መጣ። በሩ ተከፈተ። በመስኮቱ አየኋቸው፤ ሦስቱም በሱፍ ልብሳቸው ላይ ነጭ ጋቢ ደርበው ተነስተዋል። ጋሽ ወርቁ እጁን ወደ በሩ ዘርግቶ ለሐጂ ሰይድ ጎንበስ አለ፤ ይቅደሙ ነው። ሐጂ ሰይድ፣ ዲኬተር ሱቅ ያላቸው ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለመምህር ታደሰ ጎንበስ አሉ። መምህር ታደሰ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፤ «ኧረ በፍጹም» ሲሉ ከከንፈራቸው አነበብኩ። ጎንበስ እንዳሉ በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱም ሦስቱን እንደተጎነበሱ ይዟቸው ሄደ።

ዙሩ አስራ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። በሁለተኛው ዙር ያው ሆነ፤ ለውጡ ሐጂ ሰይድ መጀመሪያ መጎንበሳቸው ብቻ ነው። በሦስተኛው ሹፌሩ ወርዶ ሦስቱንም በትከሻቸው ይዞ አወረዳቸው። መምህር ታደሰ የወረዱት ወደ ኋላቸው እየተራመዱ ነው፤ አሁንም ውስጥ ላሉት ተሳፋሪዎች «እናንተ ቅደሙ» እያሉ።

ይኼን ጊዜ አባዬ ምንጣፏ ላይ ሆኖ ወደ ታች ተመለከተ። ነጭ ጋቢ ነጭ በረዶ ላይ አይታይም። ያየው ሦስት ራሶች ብቻቸውን፣ አካል ሳይኖራቸው፣ ቀስ እያሉ ወደሱ ሲመጡ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ያማትብ ነበር። አባዬ ግን የጋሽ ወርቁን ባርኔጣ አወቃት።

«ላይኛው ጫፍ ላይ ጥሩ እይታ አለ አሉ» አለኝ በፍጥነት ወርዶ። «አይቼው ልምጣ።»

«አባዬ፣ እነ ጋሽ ወርቁ እኮ…»

አልሰማኝም። እኔ ስናገር ከአጠገቤ ያለም ሰው አይሰማኝም። በዚያ ሳጥን በሚያህል ጫማ ኳ ኳ እያለ ወደ ተንጠልጣይ ወንበሩ ሮጠ። ተንጠልጣይ ወንበር ማለት አራት ሰው የሚይዝ አግዳሚ ነው፤ በወፍራም ገመድ ተሰቅሎ ከታች እስከ ተራራው ጫፍ ሳያቋርጥ ይዞራል። የሚንሸራተቱት ይወጡበታል፣ እንደኛ ለማየት ብቻ የመጡትም ይወጡበታል። ወንበሩ አይቆምም። ከኋላ ይመጣል፣ ጉልበታችሁን ይመታል፣ ትቀመጣላችሁ፣ ትሄዳላችሁ።

አባዬ ቢሳካለት ኖሮ ሁላችንም ይኼን ታሪክ አናወራውም ነበር። መጨረሻ ላይ ያስቀረው አስተዳደጉ ነው። ተራው ደርሶ መሳፈሪያዋ መስመር ላይ ሲቆም ከኋላው አንዲት ሴት ሁለት ልጆች ይዛ አየ። «ፕሊስ» ብሎ አሳለፋቸው። ቀጥሎ አሮጊትና ሽማግሌ መጡ። «ፕሊስ፣ ፕሊስ።» ቀጥሎ አንድ የኮሌጅ ቡድን። ሰዎቹ ሁሉ እያመሰገኑት ያልፋሉ፤ አባዬ እንደ ሆቴል በረኛ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። እየሸሸ ያለ ሰው ሃያ ሰው አሳለፈ። ሽማግሌዎቹ እዚያው መስመር ላይ ደረሱበት።

«እንደምን ከረሙ አቶ አሰፋ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን ከረማችሁ?»

«ልጆች ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው?»

የወንበሩ ኃላፊ ግዙፍ ሴት ናት፣ አንገቷ ላይ ፊሽካ። ባዶ ወንበሮች ሲያልፉ እያየች «አራት! ቀጣይ አራት!» ትላለች። እኔ ከኋላቸው መጥቼ ቆምኩ። የምደበቅበት ጓዳ ስላልነበረ የበረዶ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ከነበረበት ዓይኔ ላይ አወረድኩት። ተደበቅኩ ማለት ነው።

ጋሽ ወርቁ ጋቢውን አስተካከለ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ሽማግሌ ቤት ሲገባ «ተቀመጡ» ይባላል፤ ሽማግሌው ደግሞ አይቀመጥም። ከነጥያቄው ይቆማል።

«ጌታዬ» አለች ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ፣ «እባክዎ ይቀመጡ።»

«አንቀመጥም!» አለ ጋሽ ወርቁ በአማርኛ፣ በሙሉ ድምፁ። «አቶ አሰፋ፣ እኛ ዛሬ የመጣነው ለመቀመጥ አይደለም። ይኼ ሦስተኛ ጊዜያችን ነው። ጥያቄያችን ካልተመለሰ፣ እርስዎ ፊት፣ ይህች ምድር ላይ፣ አን-ቀ—»

ወንበሩ መጣ። አራቱንም ከጉልበታቸው አጥፎ አስቀመጣቸው። ሴትዮዋ የብረት መከላከያውን ከላያቸው አወረደችባቸውና ጀርባቸውን ቸብ አደረገች። በሽምግልና ታሪክ እንደዚያ ፈጥነው የተቀመጡ ሽማግሌዎች አልነበሩም።

እኔ በሚቀጥለው ወንበር፣ ሮዝ ጃኬት ከለበሱ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ጋር ተሳፈርኩ። እንዴት እንደተሳፈርኩ አላስታውስም፤ አፍሬ እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ከመሬት ከፍ ስትሉ ተራራው ጭጭ ይላል። ከፊት ያለው ወንበር ላይ የሚባለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። መጀመሪያ የሰማሁት ሐጂ ሰይድ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ሲሉ ነው። ቀጥሎ መምህር ታደሰ ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን እያነበቡ ይተረጉማሉ።

«ወንበሩን አታወዛውዙ ይላል። ዝቅ ብለው አይመልከቱ አይልም፤ ግን ማለት ነበረበት።»

ይኼኔ ወንበሩ ቆመ። ከታች መሳፈሪያው ላይ አንድ ሰው ወድቆ ኖሯል። የጥድ ዛፎቹ ከእግራችን በታች ናቸው። ነፋስ ትንሽ አወዛወዘን።

ጋሽ ወርቁ ጉሮሮውን እንደገና ጠረገ።

«እንግዲህ አቶ አሰፋ፣ ልጅዎን ለልጃችን ለዮናስ እንዲሰጡልን በትሕትና እንለምናለን።»

«ቀጠሮ ልስጣችሁ» አለ አባዬ።

«ይስጡን። እዚሁ እንጠብቃለን።»

«ከቤተሰብ ልምከር…»

«ይምከሩ። የት እንሄዳለን?»

«አቶ አሰፋ» አሉ ሐጂ ሰይድ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ «እኔ ብዙ ቤት ሽምግልና ሄጃለሁ። ዝናብ ላይ ያቆመኝ አለ። ውሻ የፈታብኝ አለ። እንዲህ አንጠልጥሎ ያስቀመጠኝ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።»

አባዬ ሳቀ፤ መሳቁ ለራሱም ሳይገርመው አልቀረም። ከዚያ ብረቱ ላይ ያለውን በረዶ በጣቱ ጠረገ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ስለነበር፣ በመነጽር የምሰማ ይመስል መነጽሬን አነሳሁ።

«ልጁን ጠልቼ አይደለም። ጥሩ ልጅ ነው ይሉኛል። እናቷም ትወደዋለች ትላለች። ግን ይቺ ልጅ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አንድ ቀን ይኼን እፈልጋለሁ ብላኝ አታውቅም። ስትወድ ዝም ትላለች፣ ስትጠላም ዝም ትላለች። አሁንም ዝም አለች። እሺ ብዬ ብሰጣት፣ እሷ ደግሞ እምቢ ማለት አፍራ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ምን ይውጠኛል? ለዚህ ነው የምሸሻችሁ። እምቢ ለማለት ምክንያት የለኝም፣ እሺ ለማለት ከአፏ አልሰማሁም።»

ጋሽ ወርቁ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዞረው። በወጉ የልጅቷ ዝምታ እሺታ ነው፤ ለእንዲያ ያለው ዝምታ ጋሽ ወርቁ መልስ ነበረው። የእኔን ዝምታ ግን አባዬ በደንብ ያውቀዋል።

እኔ ደግሞ ከኋላ ተቀምጫለሁ፣ አፌን ይዤ። አስራ አምስት እርምጃ ያህል ነው የምንራራቀው፣ በአየር ላይ።

«አባዬ» አልኩ።

ሮዝ ጃኬት የለበሱት አሮጊት «ምን አልሽ ልጄ?» አሉ። ከሳቸው አላለፈም።

«አባዬ!» አልኩ እንደገና። አንዲት ወፍ ተነስታ በረረች። አባዬ አልዞረም። ወንበሩ ከታች ክርክር የሚል ድምፅ አሰማ፤ ሊነሳ ነው። ከተነሳ ላይ ይደርሳሉ፣ ከደረሱ ይወርዳሉ፣ አባዬ እንደገና ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ሰኞ ጋሽ ወርቁ ይሄዳል፣ ዮናስ ይሄዳል። የብረት መከላከያውን በሁለት እጄ ጨበጥኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አባዬ! እፈልጋለሁ! ዮናስን እፈልገዋለሁ! ለሱ ስጠኝ!»

እኔ ነኝ ያልኩት። ከዚያ ተራራው ደገመው፤ ቀጥሎ ከወዲያ ያለው ተራራ ደገመው። ከላይም ከታችም ያሉት ወንበሮች ላይ የተቀመጡት ሁሉ ዞሩ። አባዬ መዞር ፈልጎ ብረቱ ከለከለው፤ አንገቱን ብቻ እንደ ጅግራ አጠማዘዘ።

«ምን አልሽ? አልሰማሁም!»

«እፈልጋለሁ ነው የሚለው» አሉ መምህር ታደሰ፣ ማስታወቂያ እንደሚያነቡ።

«ከሷ ልስማው! ድገሚልኝ!»

«እ-ፈ-ል-ጋ-ለ-ሁ!»

ኋላ ላይ እንደነገረኝ የመጀመሪያውን ጥርት አድርጎ ሰምቶታል። ደስ ስላለው ነው ያስደገመኝ።

«በሉ እንግዲህ» አለ፣ ድምፁ ትንሽ እየተሰበረ፣ «ሰጥቻለሁ። ይባረኩ።»

በወጉ ሽማግሌዎቹ መልስ ሲያገኙ ተነስተው እጅ ይነሳሉ። ጋሽ ወርቁ በደስታ ብድግ ሊል ሲል ወንበሩ ወደ ፊት ተደፋ፤ ሦስቱም ባንድ ድምፅ «አይነሱ!» ብለው ጋቢውን ያዙት። አንቀመጥም ያሉት ሰዎች አሁን መነሳት አልተፈቀደላቸውም። ጎን ለጎን እንደተቀመጡ አንገታቸውን እያስረዘሙ ተሳሳሙ። አሮጊቷ ምን እንደተፈጠረ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ ጓንታቸውን አውልቀው አጨበጨቡ፣ ከላይ ያሉትም ነገሩ ሳይገባቸው አጨበጨቡ። ያኔ ወንበሩ ተነሳ።

የቀረው ነገር መውረጃው ነው። ጫፉ ላይ ወንበሩ ሳይቆም ሰው ብድግ ብሎ ወደ ፊት መሄድ አለበት። ከፊት ሆነው ሲደርሱ አየሁ፤ አባዬ እጁን ለጋሽ ወርቁ ዘረጋ። ጋሽ ወርቁ ለሐጂ ሰይድ። አሁን ደግሞ አንዱ አማች ሌላው የአማች ወገን ሆኗልና ክብሩ እጥፍ ነው። «ኧረ እርስዎ!» «ኧረ ሞቼ እገኛለሁ!» እንደተባባሉ ወንበሩ ይዟቸው መዞር ጀመረ፤ የላዩ ሠራተኛ ማቆሚያውን ሲጫነው አራቱም እንደ ማዳበሪያ ጆንያ በረዶው ላይ ተዘረገፉ። ሄጄ ላነሳቸው ስል አባዬ ከሥር ሆኖ፣ የመምህር ታደሰ ጋቢ ፊቱ ላይ፣ «ተይን ትንሽ፣ ደህና ነን» አለ። ለትንሽ ጊዜ ተኝተው ሳቁ።

ሲመለሱ እኔንና አባዬን ታክሲው ውስጥ አሰፈሩን። መምህር ታደሰ ከፊት ተቀመጡ፤ ከኋላ ሦስት ሆነን ተጣበቅን። ጋሽ ወርቁ ራዲዮ ከፈተ፣ መምህር ታደሰ ያለፍናቸውን ወንዞች ሁሉ በስም እየጠሩ አስተማሩን። ስልክ የሚይዝበት ስንደርስ እናቴ እልል ስትል አባዬ ስልኩን ከጆሮው አራቀው። ዮናስ ግን አላመነም።

«ዌይት፣ አንቺ ጮህሽ? ላይክ፣ አንቺ? በድምፅ?»

«አዎ።»

«ሲሪየስሊ?»

አባዬ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ለመጀመሪያ ጊዜ አነጋገረው። «ልጄ፣ ሲሪየስሊ» አለው።

እሁድ ጠዋት ስነሳ ድምፄ ሻክሯል። አባዬ ወገቡን ይዞ ኩሽና ውስጥ ቁርስ እየሠራ ነበር፤ እናቴ ገና ነጠላዋን እያጣፋች ነው። እንደ ሁልጊዜው ሻይ ቀድቶ አቀረበልኝ፤ ሦስት ማንኪያ ስኳር አማሰለበት። ብርጭቆውን አንስቼ ወደ አፌ ካስጠጋሁ በኋላ አስቀመጥኩት።

«አባዬ፣ እኔ ሻይ ያለ ስኳር ነው የምወደው።»

ማንኪያው እጁ ላይ ቀረ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዘጠነኛ ክፍል።»

እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እሺ፣ ሌላስ? ሌላ የደበቅሽን ነገር አለ?»

ትንሽ አሰብኩ። ሽሮው ላይ ስለሚበዛው ጨው አሰብኩ፤ በልደቴ በየዓመቱ ስለሚገዙልኝ ቢጫ ሹራብ፤ አባዬ ሳሎን ስለሰቀለው፣ ዓይኔን ጨፍኜ ስለተነሳሁት የምረቃ ፎቶ። ከዚያ ተነስቼ ሻዩን ደፋሁ፣ ብርጭቆውን አለቀለቅኩ፣ ለራሴ ቀዳሁ፣ መጥቼ ከፊታቸው ተቀመጥኩና ከሽሮው ጀመርኩ።